ምን ሠርታችሁ መኖር እንደምትፈልጉ ለማወቅ፦ የስምንት ሳምንት መመሪያ

«በሕይወቴ ምን መሥራት እንደምፈልግ አላውቅም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ያው ነው። ጋደም ይልና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ፣ አንዱ በሦስት ወር እንዴት ሀብታም እንደሆነ የሚያወራበትን ቪዲዮ ይከፍታል። ጠዋት ሲነሣ ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ጥያቄው ራሱ ነው ያጣመመን። ከልጅነታችን ጀምሮ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» እየተባልን አደግን። ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ብለን መለስን። እነዚህ ስሞች ናቸው። ሰው ግን የሚኖረው ውሎውን ነው። ስለዚህ እዚህ የምንፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ምን ስትሠሩ ብትውሉ ይሻላችኋል? (ውሎ ስል የቀን ውሎ ማለቴ ነው። ውሎ አበል ደረጃ 4 ላይ ይመጣል።)

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

• ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ። እኔ ስልክ ላይ የጀመርኩትን ሁሉ ቴሌግራም በልቶታል።
• ስምንት ሳምንት። በቀን ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ሰፋ ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ።
• ለትራንስፖርትና ለሻይ ቡና የሚሆን ትንሽ ብር።
• አንድ ሰው። በየእሑዱ ደብተሩን የምታሳዩት። እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ እጮኛ አይሆኑም። ስለሚጠሏችሁ አይደለም፤ ውሳኔያችሁ የእነሱንም ኑሮ ስለሚነካ በገለልተኛ ዓይን ማየት ይከብዳቸዋል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ።

ሥራ ላይ ከሆናችሁ አትልቀቁ። ስምንቱ ሳምንት እስኪያልቅ ድረስ መልቀቂያ የሚባል ወረቀት አትንኩ። የዓመት ፈቃዳችሁን ግን ቆጥቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይገባችኋል፤ ደረጃ 7 ላይ ይፈለጋል።

ለማንም አታውጁ። «አዲስ ምዕራፍ» ብላችሁ አትለጥፉ። አንዴ ካወጃችሁ የምትሠሩት ለተመልካች ይሆናል።

ሐዘን ላይ ከሆናችሁ፣ ገና ከፍቺ ከወጣችሁ፣ ወይም ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁና የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ አሁን አትጀምሩ። በዚያ ስሜት የሚሞላ ደብተር ሁሉም ገጹ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ሐኪም እዩ። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ።

ደረጃ 1፦ የማን ድምፅ እንደሆነ ለዩ (ሁለት ምሽት)

1. በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከልጅነታችሁ እስከ ዛሬ «እሆናለሁ» ወይም «እሠራለሁ» ያላችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ። የሚያሳፍረውንም ጻፉ። ዘፋኝ፣ ፖሊስ፣ ቄስ፣ የሚኒባስ ረዳት፣ ሁሉንም።

2. በየአንዳንዱ ፊት ሐሳቡን ማን እንዳመጣው ጻፉ። «እማዬ»፣ «የፊዚክስ አስተማሪዬ»፣ «የሰፈር ልጆች ስለሄዱ»፣ «በምደባ ደረሰኝ»፣ «እኔ»።

3. በማግስቱ ምሽት ዝርዝሩን ደግማችሁ አንብቡና አንዱን ስታዩ ደስ ካላችሁ ነጥብ አድርጉበት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁ።

የተለመደው ስህተት «እማዬ» የተጻፈበትን ሁሉ መሰረዝ ነው። አትሰርዙ። እናት ልጇን ሃያ ዓመት አይታለች፤ አንዳንዴ ልክ ናት። የምንፈልገው የትኛው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቁን ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ አንድም «እኔ» ከሌለስ? ብዙ ሰው ላይ እንዲያ ነው። ዝም ብላችሁ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ደረጃ 2፦ የውሎ መዝገብ (14 ቀን)

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን በሙሉ በግምት ነው የሚሠራው።

1. ደብተራችሁን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ክፈቱ። ምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ስትወጡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት።

2. ያደረጋችሁትን በግስ ጻፉ። «ሥራ ዋልኩ» አይባልም። ምን አደረጋችሁ? ደወላችሁ? ደመራችሁ? ተሸከማችሁ? አስረዳችሁ? ጠበቃችሁ?

3. ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ።

4. ምልክት አድርጉ። ጉልበት ከሰጣችሁ +፣ ካደከማችሁ −፣ ምንም ካልመሰላችሁ 0። ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ካለፈ ሁለት +።

5. ማንም ሳያዛችሁ ያደረጋችሁትን ነገር አስምሩበት። ሰው ደጋግሞ «እስኪ ይህን አሳየኝ»፣ «እስኪ ይህን አስተካክይልኝ» ብሎ የሚመጣባችሁንም እንዲሁ።

የአንድ ረፋድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

«3:00–4:30፦ የወሩን ሽያጭ ኤክሴል ላይ አስገባሁ። 0
4:30–5:40፦ ስብሰባ ተቀመጥኩ። −
5:40–6:00፦ አዲሷን ልጅ ሲስተሙን አሳየኋት። ++ (ማንም አላዘዘኝም)»

ይህን የጻፈው አንድ የማውቀው የሽያጭ ሠራተኛ ነው። እሱ ራሱን «ሥራ የማይወድ ሰው» አድርጎ ነበር የሚያስበው። በ14 ቀን ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ++ አለው። ዘጠኙም ላይ የሚያደርገው ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው። ለእህቱ ልጅ ክፍልፋይ፣ ለጎረቤቱ ቴሌብር፣ ለአዲሷ ልጅ ሲስተም።

ስልክ ላይ የምታጠፉትንም ሰዓት ጻፉ። እውነቱን። ስልኩ ራሱ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ተመልከቱት።

ሲበላሽ

ሦስት ቀን ከዘለላችሁ ከትዝታ አትሙሉ። ትዝታ ቀኑን ያሳምረዋል ወይም ያጠቁረዋል። ሦስት ቀን መጨረሻው ላይ ጨምሩ።

ሁሉም − ከሆነ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ እንቅልፍ። በቀን አምስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ገነት ውስጥ ቢያስገቡትም − ይጽፋል። ሁለተኛ አለቃ። «አለቃዬ ነገ ቢቀየር ይህን ሥራ እቀጥላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ችግራችሁ የሕይወት ጥሪ አይደለም፤ ቢሮ መቀየር ነው። መመሪያውን ዝጉና ሌላ ቦታ አመልክቱ። ይህ ቀላል ነገር ስንቱን ሙያ አስቀይሮ ዜሮ ላይ እንዳስጀመረው ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሥራ ከሌላችሁና ቀኑ ባዶ ከሆነ ባዶውን አትመዝግቡ። ለ14 ቀን ሥራ ፍጠሩ። የአክስታችሁን ሱቅ ጠብቁ፣ የጎረቤት ልጅ አስጠኑ፣ ሠርግ ቤት ሽንኩርት ላጡ። የሚመዘገብ ነገር እስካለ ድረስ ምንም ይሁን።

ደረጃ 3፦ ግሶቹን ልቀሙ (አንድ ከሰዓት)

1. + እና ++ ያለባቸውን መስመሮች ወደ አዲስ ገጽ ገልብጡ።

2. የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ። ከሦስት እስከ አምስት ግስ ይወጣል። ማስረዳት፣ መጠገን፣ ማደራጀት፣ መደራደር፣ መንከባከብ፣ መቁጠር፣ ማብሰል፣ መሣል።

3. ለየአንዳንዱ ግስ «ከምን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሰው ጋር፣ ከቁጥር ጋር፣ ከዕቃ ጋር፣ ከጽሑፍ ጋር፣ ከአፈርና ከእንስሳ ጋር። መጠገን የሚወድ ሁሉ መካኒክ አይሆንም፤ የተበላሸ ሒሳብ የሚጠግንም አለ።

4. ከዚያ − ካለባቸው ውስጥ በጣም የከበዷችሁን ሁለት ግሶች ለይታችሁ ጻፉ። እነዚህ አጥር ናቸው። መጠበቅ የሚያሳብደው ሰው ደንበኛ እስኪመጣ ሱቅ ውስጥ አይቀመጥ።

«ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ይህ ግስ አይደለም፤ ደግ ሰው መሆናችሁን ነው የሚያሳየው። እንዴት ነው የምትረዱት? በማከም? በመስማት? በማብላት? ጉዳይ በማስጨረስ? እስኪጠብ ድረስ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ የኑሮ ወለላችሁን አስሉ (አንድ ምሽት)

ሕልምና ገንዘብ አንድ ገጽ ላይ መጻፍ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። አትፈሩ። ሳታሰሉ ከሄዳችሁ በአራተኛው ወር የቤት ኪራይ ያሳስባችኋል።

1. በወር የግድ የምታወጡትን ጻፉ። ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ፣ እድር፣ ለቤተሰብ የምትሰጡት። የገባችሁበት እቁብ ካለ እሱንም፤ እቁብ በልቶ መጥፋት የለም።

2. ድምሩ ወለላችሁ ነው። ከዚህ በታች የሚከፍል ሥራ፣ ምንም ያህል ብትወዱት፣ ለጊዜው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

3. ያላችሁን ቁጠባ ለወለሉ አካፍሉና አንድ ወር ቀንሱ። 120,000 ብር ካላችሁና ወለላችሁ 20,000 ከሆነ ያላችሁ ስድስት ወር ሳይሆን አምስት ነው። አንዱ ወር የሕመምና የለቅሶ ነው።

4. የደመወዝ ገቢ ስትጽፉ ውሎ አበልን አታስገቡ። ዛሬ አለ፣ ነገ በጀት ተዘጋ ይባላል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ አገር ቤት የምትልኩት ብር ወለላችሁ ውስጥ ይግባ። «ከተረፈኝ እልካለሁ» የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። ሁለት ሥራ የምትሠሩ ከሆነ የደረጃ 2ን መዝገብ ለሁለቱም ያዙ። «ለጊዜው» ብሎ ታክሲ ወይም ፓርኪንግ ጀምሮ አሥር ዓመት የሞላው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ መዝገቡን ሲያይ የሚወደው እሱኑ ሆኖ ያገኘዋል። እሱም መልስ ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስት ሥራ ምረጡ (አንድ ሳምንት)

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ «የሥራ ልምድ» ነው፣ ከዚያ ወደ «ደመወዝ፦ በስምምነት»፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ወረቀት። አሁን በሌላ ዓይን ታነባላችሁ።

1. 20 ማስታወቂያ ሰብስቡ። ከሰሌዳ፣ ረቡዕና እሑድ ከሚወጣው ሪፖርተር ጋዜጣ፣ ከቴሌግራም ቻናሎች። የእናንተ ሙያ ያልሆነውንም ውሰዱ። ልታመለክቱ አይደለም።

2. የሥራ ዝርዝሩን ብቻ አንብቡ። ውስጡ የእናንተ ግሶች ካሉ አስምሩ። የማስታወቂያው ርዕስ አያታልላችሁ። «ኦፊሰር» ከተባለው ግማሹ ውሎው ፋይል ማደራጀት ነው። «የሽያጭ ባለሙያ» ከተባለው ብዙው ፀሐይ ላይ በእግር መሄድ ነው።

3. ማስታወቂያ የማይወጣላቸውንም ጨምሩ። ልብስ ስፌት፣ ዶሮ እርባታ፣ የሠርግ ዲኮር፣ ሞባይል ጥገና፣ ማስጠናት። አገሩ ላይ ያለው ሥራ ሁሉ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

4. ከዝርዝሩ ሦስት አስቀሩ። አምስት አይሆንም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ሦስቱም ለመሞከር እንጂ አብሮ ለመያዝ አይደሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሳምንት ብዙ ማስታወቂያ ስለምታዩ ሌባም ታገኛላችሁ። ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለሥልጠና ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ከገጠማችሁ ተውት። ዐረብ አገር እልካለሁ የሚል የሰፈር ደላላ ከሆነ ደግሞ ፓስፖርታችሁን አታስጨብጡት፤ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ሳታረጋግጡ አንድ እርምጃ አትሂዱ።

ለ12ኛ ክፍል ልጆች

የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ማለፊያውን ያላገኘ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ አገሩ ባዶ ነበር። ስለዚህ ውጤት ስላላመጣችሁ ይህን መመሪያ አታስቀምጡት። ቴክኒክና ሙያ የራሱ ደረጃዎች ያሉት መሰላል ነው፤ ወደ ተቋሙ ሄዳችሁ ወርክሾፑን በዓይናችሁ እዩት።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገብታችሁ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ከዶርም ወሬ ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ የሚሠሩትን ጠይቁ (ሁለት ሳምንት)

ለሦስቱም ሥራ ሦስት ሦስት ሰው ፈልጉ። አንዱ ጀማሪ፣ አንዱ አሥር ዓመት የሠራ፣ አንዱ ትቶት የወጣ። የሚዘለለው የተወው ሰው ነው፤ ብዙ የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው።

1. በዘመድ፣ በእድር፣ በአጥቢያ፣ በመስጊድ፣ በድሮ ክፍል ልጆች ግሩፕ አፈላልጉ። በመሃል አንድ ሰው ካለ ስልክ ይነሣል።

2. መልእክቱ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቁጥርዎን የሰጡኝ አቶ እከሌ ናቸው። ያስቀጥሩኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልዎ። ሥራዎ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው። 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ ያሉበት ድረስ እመጣለሁ፤ ቡናው በእኔ ነው።»

«ያስቀጥሩኝ ብዬ አይደለም» የሚለውን አታውጡት። እሱ ከሌለ አይመልሱላችሁም።

3. እነዚህን ጠይቁ፦
• ያለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ? (ማክሰኞ የምለው ምንም የማይሆንበት ቀን ስለሆነ ነው።)
• ብዙ ሰዓት የሚበላው የቱ ነው?
• ትተውት የሚሄዱት ለምን ይሄዳሉ?
• ጀማሪ ስንት ያገኛል? «እርስዎ ስንት ያገኛሉ» አይባልም።
• ታናሽ እህትዎ ልግባበት ብትልዎ ምን ይሏታል?

4. ከተለያያችሁ በኋላ እዚያው ታክሲ ውስጥ ጻፉት።

አንድ ነገር እወቁ። የእኛ ሰው የመጀመሪያ መልሱ ይሉኝታ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ይላል። ወይም በተቃራኒው «ምን ሥራ አለ ብለህ ነው» ብሎ ይደፋዋል፤ በተለይ ገበያ የምትሻሙት ከመሰለው። ሁለቱንም አትጻፉ። ማክሰኞን ጠይቁ፣ ቡናውን ይጠጡ፣ ከዚያ ማክሰኞን በሌላ አፍ ድገሙት። ሁለተኛው መልስ ነው የሚጻፈው።

ሰውየው ቀጥሮ ቢቀርስ? አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ደውሉ። ካልሆነ ወደ ሌላ እለፉ። አትቀየሙ።

ሦስቱም ሰዎች ስለ አንድ ሥራ ተመሳሳይ ቅሬታ ካላቸው፣ እሱም ደረጃ 3 ላይ ከጻፋችሁት አጥር ጋር ከገጠመ፣ ያን ሥራ አሁኑኑ አውጡት። ቢያሳዝናችሁም።

ደረጃ 7፦ 20 ሰዓት ሥሩት (ሦስት ሳምንት)

እኔ ዓመታት ሙሉ ካፌ መክፈት ነበር የምፈልገው። ስሙን ሁሉ መርጬ ነበር። የምሠራው ቢሮ ሰልችቶኝ ልለቅ ጫፍ ላይ ስደርስ፣ ካፌ ያለውን ጓደኛዬን «አንድ ሳምንት በነጻ ልሥራልህ» አልኩት። ሳቀብኝ። እሺም አለኝ።

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ። ወተት አምጪው ሳይመጣ መድረስ ነበረብኝ። ውሃ የገባበት ወተት አረፋ አይሠራም፤ ያን ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው። ማክሰኞ ውሃ ጠፋ። ከጎረቤት በጀሪካን ስናመላልስ ረፋዱ አለፈ። ረቡዕ አንዷ አስተናጋጅ ሳትናገር ቀረች፣ እኔ ትሪ ያዝኩ። ሐሙስ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 340 ብር ጎደለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁራጭ ወረቀት ስንገለብጥ ቆየን፤ ጓደኛዬ ደክሞታል ግን ዓይኑ ይበራል። እንዲህ ያለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይወዳል። እኔ የማስበው ስለ አልጋዬ ነበር። ዓርብ ገባኝ። የምወደው ካፌ መቀመጥ ኖሯል።

የአንድ ሳምንት ፈቃድ ነው የከፈልኩት። ሳልሞክር ከፍቼው ቢሆን የምከፍለውን አስቡት።

1. ከሦስቱ ሥራዎች ከደረጃ 6 ያለፉትን ውሰዱ። ለየአንዳንዱ 20 ሰዓት የሚሆን ትንሽ ሙከራ አውጡ። ማስተማር ከሆነ የሁለት ጎረቤት ልጆችን አስጠኑ። ኮዲንግ ከሆነ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» እንደሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና ያለ ነጻ ኮርስ ፈልጋችሁ ጀምሩ። ምግብ ከሆነ ለአሥር ሰው ምሳ አዘጋጅታችሁ ሽጡ። ዶሮ ከሆነ የሚያረባ ሰው ቤት ሄዳችሁ ማለዳ ማለዳ አጽዱ።

2. አሰልቺውን ክፍል ለይታችሁ እሱን ሥሩ። የምግብ አሰልቺው ዕቃ ማጠብና አስቤዛ መሸመት ነው። የማስተማር አሰልቺው ያው ስህተት ሰላሳ ጊዜ ማረም ነው። ጣፋጩን ክፍል ማንም ይወደዋል።

3. ከመጀመራችሁ በፊት የሚያበቃበትን ቀን ጻፉ። ቀኑ ሲደርስ አቁሙ፤ ደስ ቢልም።

4. የደረጃ 2ን ምልክት ተጠቀሙ። +፣ −፣ 0።

ሲበላሽ

የሚያስገባችሁ ካጣችሁ «ልማር» አትበሉ፣ «ላግዝ» በሉ። ተማሪ ሸክም ነው፤ አጋዥ እጅ ነው። ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ፣ አውሮፕላን የመሳሰለው እንዲያም ሆኖ አያስገባም። በአጠገቡ ያለውን ሞክሩ። ነርስነት የምታስቡ የታመመ ዘመድ ለአንድ ሳምንት አስታምሙ። ሌሊቱንም ጭምር።

ካልቻላችሁበት «አልቻልኩም» እና «አልወደድኩም» የተለያዩ መሆናቸውን አስታውሱ። መለያው እርማት ነው። ሰው ስህተታችሁን ሲያሳያችሁ «እስኪ ልድገመው» ካላችሁ መንገዱ ላይ ናችሁ። «ይቅርብኝ» ካላችሁ ይቅርባችሁ።

በጣም ጥሩ ከሆነ ተጠራጠሩ። አዲስ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሰዓት ጨምሩና እንደገና ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ወስኑና ተናገሩ

1. በአንድ ገጽ ላይ ለተረፈው ሥራ አራት ነገር ጻፉ። ከግሶቼ ስንቱ አለበት? አጥሬን ይነካል? ወለሌን የሚሞላው መቼ ነው? ለመግባት ምን ይጠይቃል (ዲግሪ፣ የሲኦሲ የሙያ ብቃት ፈተና፣ መሣሪያ፣ ንግድ ፈቃድ)?

2. ለሁለት ዓመት ወስኑ። «ለዕድሜ ልክ» አትበሉ፤ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

3. ለቤተሰብ የምትናገሩት አሁን ነው። ፈቃድ አትለምኑ፣ ጦርነትም አታውጁ። ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ፦ «እማዬ፣ ሥራዬን አልለቅም። ስድስት ወር ማታ ማታ ልሠራው ነው። ለቤት የምሰጠው አይቀንስም። እስከ ሚያዝያ ካልሆነ አቆማለሁ።» እናት የምትፈራው «ሰው ምን ይላል»ን ብቻ አይደለም፤ እንዳትራቡ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለዚያ ናቸው። አባት የሚከብድ ከሆነ እሱ የሚሰማውን አጎት ወይም አክስት አስቀድሙ። ይህ ተንኮል አይደለም፤ አገሩ የሚሠራበት መንገድ ነው።

4. ለመልቀቅ ከወሰናችሁ በሥርዓት ልቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚተዳደር ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ውላችሁን አንብቡ፤ የሥልጠና ግዴታ ፈርማችሁ ሊሆን ይችላል። ክሊራንስ ጨርሱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ መለመን ሌላ ሥራ ነው።

5. አዲስ መሥሪያ ቤት ከገባችሁ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። እነሱ እናንተን እንደሚፈትኑ እናንተም ፈትኗቸው። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት ደብተሩን ይዛችሁ ዋሉ።

ስምንት ሳምንት አልቆ ምንም ካልተገኘ

ሦስቱም ከወደቁ ወደ ደረጃ 1 አትመለሱ። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ግሶቻችሁ ያው ናቸው፤ የመረጣችኋቸው ሥራዎች ናቸው ያልገጠሙት። ሌላ ሦስት አውጡ።

ሁለተኛውም ዙር ከከሸፈ − ያነሰበትን ያዙ። ወለላችሁን ይሙላ እንጂ የሚያሳብድ መውደድ አያስፈልገውም። ግሳችሁን ከሥራ ውጭ አስገቡት። ያ የሽያጭ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ሽያጭ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አራት ልጆች ሒሳብ ያስጠናል፤ ከእሱ የሚያገኘው የኪራዩን ሲሶ ይሸፍናል። እለቃለሁ ሲል ከሰማሁት ቆየሁ።

ደብተሩን አትጣሉ። ጳጉሜን ሲመጣ አውጡትና አምስቱን ቀን (በየአራት ዓመቱ ስድስቱን) እንደ ደረጃ 2 መዝግቡ። ከዚያ ከአምናው ገጽ ጎን አስቀምጡና − ቁጠሩ።